ድሃው ሕፃን በማን መስፈሪያ ይሰፈራል?

በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብን አል-ኸጣብ (ረ.ዐ) ዘመን ከበይቱል ማል ለሕፃናት የሚቆረጥ ቀለብ ነበር። ቀለቡ ግን የሚጀምረው ሕፃኑ ጡት ከጣለ በኋላ ነበር። ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት አንድ ጊዜ የነጋዴዎች ቅፍለት መዲና ደርሶ ሰፈረ። ኸሊፋውና ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ቅፍለቱን ሌሊቱን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ እናቲቱ ሄደው ልጇን እንድታባብል መክረዋት ተመለሱ። ሕፃኑ ግን ዝም አላለም። እንደገና ሄዱ፤ ሌሊቱ ሊጋመስ ካለፈ በኋላም ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱና ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ማን እንደሚያናግራት ያላወቀችው እናት፣ ዑመር ጡት ላልጣለ ልጅ ቀለብ ስለማይቆርጥ ሕፃኑን ያለ ጊዜው ጡት ልታስጥለው እየታገለች እንደሆነ ነገረቻቸው። በዚያን ዕለት ሱብሒ ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው ብዛት የሚቀሩት ለሰጋጁ ሊለይ አልቻለም ይባላል። ከሶላት በኋላ ማንም ልጁን ያለ ጊዜው ጡት እንዳያስጥል፣ ከእንግዲህ በኢስላም ለተወለደ ሕፃን ሁሉ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ ቀለብ እንደሚቆረጥለት በአዋጅ አስነገሩ።

ይህን ታሪክ በየደርሱና በየኹጥባው ስንሰማው ኖረናል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ስለ ኸሊፋው አላህን ፈሪነትና ርኅራኄ ነው፤ እውነትም ነው። ዛሬ ግን ከዚሁ ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተባለለትን አንድ ነገር ልናነሳ ወደድን። በመዲና በጎ ፈቃድ አልጠፋም፤ በይቱል ማሉም ባዶ አልነበረም። ሕፃኑን ያስለቀሰው የመስፈሪያው አቀማመጥ ነበር። ቀለቡ ከዚህ ዕድሜ ይጀምራል ተብሎ አንድ መስመር ተሰመረ፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሕፃን ሳይታይ ቀረ፤ እናቱም ልጇን ወደ መስመሩ ለማድረስ ቸኮለች።

ድህነትን መለካት የሒሳብ ሰዎች ሥራ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ድሃ ተብሎ የተቆጠረ እርዳታ ይደርሰዋል፤ ያልተቆጠረ አይደርሰውም። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ራሱ ሄዶ ችግሩን አይናገርም፤ የሚናገርለት መስፈሪያው ነው። ይህን ለማየት በመስፈርና በመቁጠር ዓለምን ወደምትመራው ወደ አሜሪካ ብንሄድ ብዙ እንማራለን። ደግሞም ከአንባቢዎቻችን በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ወንድም፣ እህት ወይም አክስት የሌለው ጥቂት ነውና ጉዳዩ የሩቅ አይደለም።

የሞሊ ኦርሻንስኪ ሲሶ

አሜሪካ ውስጥ ድሃ ማለት ማን ነው? የመንግሥቱ መልስ የተገኘው ከአንዲት ሴት የሒሳብ ወረቀት ነው። ሞሊ ኦርሻንስኪ ከዩክሬን ከተሰደዱ ወላጆች በ1915 (ዓመቶቹ፣ ከተገለጸው በቀር፣ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደች። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር ስለ ችግር ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አላስፈለጋትም። በኋላ በሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የምርምር ሠራተኛ ሆነች፤ በሐምሌ 1963ም ስለ ድሆች ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጣች። መስፈሪያው የተወለደው እንግዲህ ከልጆች ጉዳይ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ስሌቷ ቀላል ነበር። በ1955 የተደረገ ጥናት ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ያለበት ቤተሰብ ከገቢው ሲሶ ያህሉን ለምግብ እንደሚያወጣ አሳይቶ ነበር። የእርሻ ሚኒስቴሩ ደግሞ በጣም ርካሽ የሆነ የአስቤዛ ዝርዝር ነበረው። ገንዘብ ሲያጥር ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው የታሰበ አልነበረም። ኦርሻንስኪ የዚያን አስቤዛ ዋጋ በሦስት አባዛችው። ገቢው ከዚያ በታች የሆነ ቤተሰብ ድሃ ነው አለች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 በድህነት ላይ ዘመቻ ሲያውጁ መስፈሪያ ያስፈልግ ነበርና ይኸው ተወሰደ፤ በ1969ም ይፋዊ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ መስመሩ የዋጋ ንረት እየተጨመረበት ከፍ ይላል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። በ2023 ሁለት ወላጆችና ሁለት ልጆች ላሉት ቤተሰብ መስመሩ 30,900 ዶላር ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ቤተሰብ ለምግብ የሚያወጣው ከሲሶ በጣም ያነሰ ነው፤ የቤት ኪራይና የሕፃናት ማዋያ ክፍያ ግን አሻቅቧል። በ1963 ብዙ እናቶች ቤት ይውሉ ስለነበር ዴይ ኬር የሚባለው ወጪ ሒሳቡ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ታናናሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ዛሬ የሚጎዳው በዚሁ ነው። እናት ሥራ ብትወጣ ደመወዟ ለማዋያው ይሄዳል፤ ቤት ብትውል ገቢው ይጎድላል። ወላጆቹ ገና ወጣቶች ስለሆኑ ደመወዛቸውም ዝቅተኛ ነው። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከታላላቆቻቸው ይልቅ በድህነት መዝገብ የሚበዙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አንድ መስመር ለሃምሳ ግዛት

ሌላው እንግዳ ነገር ይህ ይፋዊ መስመር በሃምሳዎቹም ግዛቶች፣ በነሱ አጠራር ስቴቶች፣ አንድ መሆኑ ነው። መርካቶ ላይም ገጠር ላይም በአንድ ቁና እንደመስፈር ያለ ነው፤ ቁናው አንድ ቢሆንም ገበያው አንድ አይደለም።

እስቲ በምሳሌ እንየው። ሁለት ሕፃናት ያሏቸው ባልና ሚስት በቨርጂኒያ ይኖራሉ እንበል። አባት መኪና እየነዳ በዓመት 33,000 ዶላር ያገኛል፤ እናት ልጆቿን ይዛ ቤት ትውላለች። ኪራዩ በወር 2,000 ዶላር ቢሆን በዓመት 24,000 ይሆናል። የቀረው 9,000 ነው። አገር ቤት ላሉ እናትና አባት በወር 200 ዶላር ቢልኩ 2,400 ይወጣል። አሁን 6,600 ቀረ፤ ይህም ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመብራት፣ ለነዳጅና ለዳይፐር በወር 550 ዶላር ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች በይፋዊው መስፈሪያ ድሃ አይደሉም፤ ከመስመሩ 2,100 ዶላር በላይ ናቸው። በሚሲሲፒ ኪራይ 900 ዶላር የሚከፍልና 30,000 ዶላር የሚያገኝ ተመሳሳይ ቤተሰብ ግን ድሃ ተብሎ ይመዘገባል፤ ከኪራዩ በኋላ 19,200 ዶላር በእጁ ቢቀርም።

ለወላጅ የሚላከውን ገንዘብ መስፈሪያው አያውቀውም። ለእኛ ለሙስሊሞች ወላጅን መርዳት ሲተርፍ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ግዴታ ነው። ለአሜሪካው ሒሳብ ግን እንዳልወጣ ገንዘብ ይቆጠራል። አገር ቤት ያለን ዘመዶችም አንዳንዴ እንደዚያው ስለምንቆጥረው በእነሱ ብቻ መፍረድ አይገባም።

መስፈሪያው የማያየው ሌላም ልጅ አለ። ይፋዊው ስሌት ቤተሰብ የሚለው በደም፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የተሳሰሩትን ነው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነና ከቤቱ ሰዎች ጋር በእነዚህ ያልተሳሰረ ልጅ ድሃም ሀብታምም አይባልም፤ ጨርሶ ከስሌቱ ውጪ ነው። የጓደኛን ወይም የጎረቤትን የቲም ተቀብሎ ማሳደግ ለለመደው ወገናችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ያልተንቀሳቀሰው ቁጥርና የተንቀሳቀሰው

መስፈሪያው ጉድለት እንዳለበት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። በ1995 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ እንዲለወጥ ምክር ሰጠ፤ በ2011ም የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ተጨማሪ የድህነት መለኪያ የተባለ ሁለተኛ መስፈሪያ ይዞ ወጣ። ይህኛው የየአካባቢውን ኪራይ ያያል። ፉድ ስታምፕን፣ የኪራይ ድጎማንና ከግብር የሚመለስን ገንዘብ ገቢ ላይ ይደምራል። ግብርን፣ የሕክምናና የዴይ ኬር ወጪን ደግሞ ይቀንሳል። በሁለተኛው መስፈሪያ ሲለካ በይፋዊው መካከለኛ የሚመስለው ካሊፎርኒያ በኪራዩ ምክንያት ከድሃዎቹ ግዛቶች ፊት ይሰለፋል። በይፋዊው ሁልጊዜ ከላይ የሚገኙት እንደ ሚሲሲፒ ያሉት ግዛቶች ደግሞ ጥቂት ዝቅ ይላሉ። ሕዝቡ አልተለወጠም፤ ቁናው ተለወጠ።

የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከ2021 የተሻለ ማስረጃ የለም። በዚያ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለወላጆች በግብር በኩል የሚሰጠውን ገንዘብ ከፍ አድርጎ፣ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 3,600 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ላለው እስከ 3,000 ዶላር ሰጠ። ግማሹ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ በየወሩ በቀጥታ ተላከ፤ ለሕፃኑ በወር 300 ዶላር ማለት ነው። ሥራ የሌለው ወላጅም ደረሰው። በተጨማሪው መለኪያ በ2020 9.7 በመቶ የነበረው የልጆች ድህነት በ2021 ወደ 5.2 በመቶ ወረደ። ምክር ቤቱ ድጎማውን ሳያድሰው ሲቀር በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመልሶ ዘለለ።

ይፋዊው መለኪያስ? በ2021 15.3 በመቶ፣ በ2022 15.0 በመቶ። በግብር በኩል የሚመጣውን ገንዘብ ስለማይደምር ሚሊዮኖች ሕፃናት ከችግር ሲወጡ አላየም፤ ተመልሰው ሲገቡም አላየም። ልክ እንደ ተበላሸ ሚዛን እህሉ ቢጨመርበትም ቢቀነስበትም መርፌው እዚያው ነው።

ይህ ለየግዛቱ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ የሶማሌና የኦሮሞ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ሚኒሶታ በ2023 ባወጣው ሕግ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ልጅ 1,750 ዶላር በግብር በኩል እንዲመለስ አደረገ። ይህ ገንዘብ ለአንድ እናት የሦስት ወር ዳይፐርና ወተት፣ ለሌላዋ የኪራይ ውዝፍ ይሆናል። ነገር ግን ግዛቱ ይህን ያህል አውጥቶ ይፋዊው ቁጥር በዚህ ምክንያት አንዲት ነጥብ አይወርድም። ነገ ተቃዋሚ ተነስቶ ገንዘቡ ምን ለወጠ ብሎ ይፋዊውን ቁጥር ቢያሳይ፣ የማያውቅ ሰው ሊያምነው ይችላል። ቁጥር ሲነገረን ስንት ነው ከማለታችን በፊት በየትኛው ተሰፈረ ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

በግዛት ደረጃ ሲወረድ

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። የአገሩን ድህነት መለካት አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ግዛት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ለይቶ መለካት ግን ሌላ ነው። ይፋዊው ብሔራዊ ቁጥር የሚወጣው በዓመት 100 ሺህ ያህል አድራሻዎች ከሚጠየቁበት ጥናት ነው። ለትልቅ አገር ይህ ይበቃል፤ ወጥ በአንድ ማንኪያ ይቀመሳልና። ይህ ሁሉ ለሃምሳ ግዛት ሲከፈል፣ ከዚያ ደግሞ ሕፃን ያለበት ቤት ብቻ ሲለይ፣ በትንሽ ግዛት የሚቀረው የጥቂት ቤቶች መልስ ነው። በዚያ መልስ ላይ ቆሞ የግዛቱ ሕፃናት ድህነት ጨመረ ወይም ቀነሰ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሌላ ትልቅ ጥናት አለ። ከ2005 ጀምሮ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ሲሆን በዓመት ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻዎች ይደርሳል። በየዓመቱ የሚወጣው ውጤቱ 65,000 ሰውና ከዚያ በላይ ላለበት ቦታ ነው። ለትናንሽ አካባቢዎች ደግሞ የአምስት ዓመት መልስ ተደምሮ አንድ አማካይ ይሰጣል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ስለ ከ5 ዓመት በታች ሕፃን የአምስት ዓመት አማካይ ምን ይነግረናል? ጥናቱ ሲጀመር የተወለደው ልጅ ውጤቱ ሲወጣ ትምህርት ቤት ገብቷል። የተራበ ከነበረ ተርቦ አልፏል፤ ቁጥሩ የደረሰው ለታናሹ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ የዚህን ትልቅ ጥናት መልስ ከግብር መዝገብና ከፉድ ስታምፕ ተቀባዮች ብዛት ጋር አጋጥሞ የሚገምተው ነው። በ1990ዎቹ የተጀመረው በተለይ ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈለውን የፌዴራል ገንዘብ ለመደልደል ነው። ስለዚህም ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉትን ድሃ ልጆች እስከ ትምህርት አስተዳደር ወረዳ ድረስ ዘልቆ በየዓመቱ ይገምታል። ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ግን በግዛት ደረጃ ብቻ ይሰጥና ያቆማል። ገንዘቡ የሚከተለው ተማሪውን ስለሆነ መስፈሪያውም ተማሪውን ተከተለ። ጡት ከጣለ በኋላ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ቀለብ ያስታውሰናል።

በግዛቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ትንሽ አይደለም። በኒው ሃምፕሻየርና በዩታ ድሃ የሚባሉት ልጆች ከሌላው ግዛት ያነሱ ናቸው። በሚሲሲፒ፣ በሉዊዚያናና በኒው ሜክሲኮ ግን በርካታ ናቸው። እርዳታ የሚገኝበት በርም ከዚሁ መስመር የተቀዳ ነው። ሄድ ስታርት የሚባለው የሕፃናት ትምህርት ከመስመሩ በታች ላለ ቤተሰብ ይከፈታል። ለእርጉዝ፣ ለአጥቢና ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምግብ የሚሰጠው ዊክ ደግሞ እስከ መስመሩ 185 በመቶ ድረስ ይቀበላል። ያ የቨርጂኒያው ቤተሰብ በሄድ ስታርት የገቢ መስመር አይገባም፤ በዊክ ግን ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን ገቢያችን አልፏል ብለው ሳይጠይቁ የሚቀሩት ሁሉም በር በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ስለሚመስላቸው ነው።

ፉቀሃኡ እንዴት ሰፈሩ?

ለመሆኑ በሸሪዓችን ድሃው በምን ይለካል? በሱረቱ አት-ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መጀመሪያ ፈቂርና ሚስኪን ተጠቅሰዋል። ሁለቱን በመለየት ረገድ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። በአገራችን በሰፊው ከሚታወቁት ሁለት መዝሀቦች በሻፊዒያው ዘንድ ይበልጥ የተቸገረው ፈቂር ነው፤ በሐነፊያው ዘንድ ሚስኪን ነው። ሐነፊያዎቹ ዘካ የሚገባውን ለመለየት በዋናነት የሚያዩት ከመሠረታዊ ፍላጎቱ የተረፈ ኒሳብ ያለው መሆን አለመሆኑን ነው።

የሻፊዒያው አገላለጽ ለያዝነው ጉዳይ በጣም ይቀርባል። ለራሱና ለሚያስተዳድራቸው አሥር የሚያስፈልገው ሰው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ካለው ፈቂር ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ካለው ሚስኪን ነው። ሥራና ገቢ አለው ተብሎ ከዘካ አይከለከልም፤ የሚጠየቀው ገቢው ይበቃዋል ወይ የሚለው ነው። ይህ ኪፋያ፣ ማለትም የሚበቃ መጠን፣ ምግብን፣ ልብስንና መጠለያን ይዞ እንደ ሰውየው ሁኔታ፣ እንደ ጥገኞቹ ብዛት ይታያል። የአሜሪካ ባለሙያዎችም ገቢው ከመስመሩ ግማሽ በታች የሆነውን ከባድ ድሃ ብለው ለብቻው ይቆጥሩታል። ያለ መመካከር በዘመናት ልዩነት ግማሽ ላይ መገናኘታቸው ይገርማል።

የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። በየመስጊዱ ያሉ የዘካ ኮሚቴዎች፣ ውጭም ሆኑ አገር ውስጥ፣ የመንግሥትን መስመር እንዳለ ወስደው ከዚህ በላይ ያለ አይገባውም ባይሉ ጥሩ ነው። መስመሩ ለመነሻ ይጠቅማል፤ የኪራዩን ደረሰኝ፣ የሕፃኑን ዕድሜና ለወላጅ የሚላከውን ሳይጠይቁ ግን ኪፋያውን ማወቅ አይቻልም። በሱረቱ አል-በቀራህ 233ኛ አንቀጽ ጡት የማጥባት ጊዜ ሙሉ ሁለት ዓመት እንደሚደርስና የእናቲቱ ምግብና ልብስ በአባት ላይ መሆኑ ተደንግጓል። አባት አቅም ሲያጣ ጥያቄው ወደ ጀማዓው ይዞራል።

በአገራችንስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት መስፈሪያ ተሞክሯል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲና ዩኒሴፍ በ2018 ባወጡት ጥናት የቤተሰቡን ገንዘብ ትተው ልጁ ራሱ የጎደለውን ጠየቁ። አልቀጨጨም ወይ? ክትባት አግኝቷል? ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ ደህና መጠለያ አለው? ከተመረጡት ስድስት ዘርፎች ቢያንስ ሦስቱ የጎደሉትን ድሃ አሉ። በዚህ ስሌት ከ18 ዓመት በታች ካሉት 41 ሚሊዮን ልጆች 36 ሚሊዮኑ፣ ማለትም 88 በመቶው፣ ድሃ ሆነው ተገኙ። በአዲስ አበባ 18 በመቶ ሲሆን በአፋር፣ በአማራና በቀድሞው ደቡብ ክልል 91 በመቶ ደርሷል።

ይህን ከአሜሪካው 15 በመቶ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ አይቻልም፤ አንዱ ዶላር ይቆጥራል፣ ሌላው ጉድለት። ለሕፃን ግን ሁለተኛው መንገድ የሚሻል ይመስለናል። ሕፃን ገቢ የለውም፤ ያለው ሰውነቱ ነው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት 38 በመቶው ቀጭጨው ነበር፤ በአማራ ክልል 46 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የቀጨጨ ልጅ በኋላ ቢመገብም የቀረበትን ቁመት መልሶ ማግኘቱ እጅግ ይከብዳል።

ክልል የሚለው መስፈሪያም እዚህ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ጥናቱ ደቡብ ብሎ አንድ ቁጥር የሰጠው ክልል ከ2020 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ለአራት ተከፍሏል። 91 በመቶው የሲዳማው ነው የሌላው? ከዚያ ቁጥር ብቻ መመለስ አይቻልም። ለሁሉም መነሻ የሚሆነው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ደግሞ በ1999 ዓ.ም ከተካሄደ በኋላ የሚቀጥለው በተደጋጋሚ ተላልፏል።

በቅጹ ላይ ያልተጻፈው ልጅ

አሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሳታሰልስ ትቆጥራለች፤ ሆኖም እዚያም የሚጠፉ አሉ። ከሁሉም ዕድሜ ይበልጥ ሳይቆጠር የሚቀረው ከ5 ዓመት በታች ያለው ነው። ቢሮው የ2020ውን ቆጠራ ከልደትና ከሞት መዝገብ ጋር ሲያመሳክር በዚህ ዕድሜ ካሉት ከ5 በመቶ በላይ፣ ማለትም ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት መጉደላቸውን አገኘ። እነዚህ ሕፃናት ተወልደዋል፤ የልደት ወረቀት አላቸው፤ ቅጹን የሞላው ሰው ግን አልጻፋቸውም።

የሚዘለሉት ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቤት በሚኖርበት፣ ኪራይ በሚበዛበትና እንግሊዝኛ በማይነገርበት ቤት ነው። ገና የመጣ ስደተኛ ቤት ማለት ይኸው ነው። ቅጹን የሚሞላው የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራዩ አጎት ይሆናል፤ ምድር ቤት የሚኖሩትን ባልና ሚስት ይጽፍና ሕፃኗን ይረሳል። ወይም ሕፃን አይቆጠርም ብሎ ያስባል። ወይም በኪራይ ውሉ ላይ ከተፈቀደው ሰው በላይ እንዳይሆንበት ይፈራል።

የፍርሃቱ ነገር መታወቅ አለበት። በሕጉ መሠረት የቆጠራው መልስ ለኢሚግሬሽንም፣ ለፖሊስም፣ ለቤት አከራይም አይሰጥም። የሰው መልስ ያወጣ የቢሮው ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይጠብቀዋል። ለ2020ው ቆጠራ ቢሮው የመሙያ መመሪያ ካዘጋጀባቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነበር። ቆጠራው ለቀጣዮቹ ዓመታት ለብዙ በጀት መነሻ ስለሚሆን በአንድ ሠፈር የጠፉ ሕፃናት ለዊክም፣ ለሄድ ስታርትም፣ ለክሊኒክም ቁጥር ያጎድላሉ።

የሚቀጥለው የቆጠራ ቀን ኤፕሪል 1 ቀን 2030 ነው። በዚያን ዕለት ከሌሊቱ የተወለደና ገና ከሆስፒታል ያልወጣ ሕፃን እንኳ በሚኖርበት ቤት ቅጽ ላይ ይጻፋል። ዘመድ ባይሆንም አብሮ የሚኖር ልጅ ይጻፋል። በእናትና በአባት ቤት እየተመላለሰ የሚያድግ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሚያድርበት ቤት ይቆጠራል፤ እኩል ከሆነ በዕለቱ በሚገኝበት ቤት። አያት ዘንድ ለጊዜው የተቀመጠና ሌላ ቋሚ ቤት የሌለው ልጅ ደግሞ በአያት ቅጽ ላይ ይገባል።